ላለመውረድ የሚደረግ ትግል (እግር ኳስ)

ላለመውረድ የሚደረግ ትግል በሊግ ውድድር በደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ያሉ ክለቦች ወደ ታችኛው ሊግ ከመውረድ ለመዳን የሚያደርጉት ፉክክር ነው። ትግሉ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ዙር፣ በተለይም በመጨረሻዎቹ የጨዋታ ሳምንታት ይጠነክራል። በዚህ ወቅት በአሰልጣኞችና በደጋፊዎች ዘንድ በየዓመቱ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ ቡድኑ ተጠንቅቆ እየተከላከለ አንድ አንድ ነጥብ ይልቀም ወይስ አጥቅቶ ሦስት ነጥብ ይፈልግ? ይህ ጽሑፍ የጥያቄውን አመጣጥ፣ በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ያለውን ገጽታና ከውጭ የሚታወቁ ምሳሌዎችን ያቀርባል።

የመውረድና የመውጣት ሥርዓት አጀማመር

የመጀመሪያው የእግር ኳስ ሊግ እ.ኤ.አ. በ1888 በእንግሊዝ በ12 ክለቦች ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1892 ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲቋቋም፣ ከላይኛው ዲቪዚዮን መጨረሻ የወጡትና ከታችኛው የመጀመሪያውን ደረጃ የያዙት ክለቦች የመለያ ጨዋታ እንዲያደርጉ ተደረገ። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1898 ቀርቶ መውረድና መውጣት በቀጥታ በሰንጠረዡ ደረጃ እንዲወሰን ተደረገ። ሥርዓቱ በኋላ ወደ አብዛኞቹ የዓለም ሊጎች ተሰራጨ።

የሥርዓቱ ዋና ውጤት በሰንጠረዡ ግርጌ ያለ ጨዋታም ትርጉም እንዲኖረው ማድረጉ ነው። ዋንጫ የማግኘት ተስፋ የሌለው ክለብ እስከ መጨረሻው ሳምንት የሚታገልለት ነገር ይኖረዋል።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ ፕሪሚየር ሊጉ አሁን ባለው መልክ መካሄድ የጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ከፍተኛ ሊግ፣ ከእርሱም ቀጥሎ አንደኛ ሊግ ይገኛሉ። በስፖርት ዘገባዎች የመውረጃው ደረጃዎች «ወራጅ ቀጠና» ይባላሉ። 16 ክለቦች በተወዳደሩባቸው ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ከ14ኛ እስከ 16ኛ ያሉት ሦስት ክለቦች ይወርዱ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ውድድሩ በኮቪድ-19 ምክንያት ሲሰረዝ ሻምፒዮንም ወራጅም አልነበረም።

በሊጉ ታሪክ ትልቅ ስም መያዝ ከመውረድ አላዳነም። ከሚታወቁት መካከል፦

• መብራት ኃይል (ኢትዮ ኤሌክትሪክ)፦ ፕሪሚየር ሊጉ በተጀመረበት በ1990 ዓ.ም. እና በ1993 ዓ.ም. ሻምፒዮን የነበረው ክለብ በ2010 ዓ.ም. ከአርባ ምንጭ ከተማና ከወልዲያ ጋር ወረደ። ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ሊጉ ቢመለስም በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወርዷል።

• ደደቢት፦ በ2005 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሳው ክለብ በ2011 ዓ.ም. ወረደ።

• መከላከያ (የአሁኑ መቻል)፦ በዚያው በ2011 ዓ.ም. ወርዶ ተመለሰ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ እስከ መጨረሻው ሳምንት ለዋንጫ ተፎካክሮ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

• ጅማ አባ ጅፋር፦ በ2010 ዓ.ም. ከታች ባደገበት የመጀመሪያ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። በነጥብ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እኩል ስለነበረ የለያቸው የግብ ልዩነት ነው። ይኸው ክለብ በ2014 ዓ.ም. ወርዷል።

መውረድ የሚያስከትለው ጉዳት

በኢትዮጵያ አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮች ወይም በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። ስለዚህ ክለብ ሲወርድ የሚቀንሰው የቴሌቪዥን ገቢ ብቻ አይደለም፤ በጀት መዳቢው አካል ቡድኑን ይዞ መቀጠሉም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ጎልቶ የሚጠቀሰው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ታሪክ ነው። የወንዶች ቡድኑ በ2009 ዓ.ም. ከወረደ በኋላ ፈረሰ፤ የሴቶች ቡድኑ ግን ቀጠለ። የወንዶቹ ቡድን በኋላ እንደገና ተቋቁሞ በከፍተኛ ሊግ ተወዳደረ፤ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሻምፒዮን ሆነ።

ቡድን ሲፈርስ ተጫዋቹ፣ አሰልጣኙ፣ የሕክምና ባለሙያውና ትጥቅ ያዡ ሥራ ያጣሉ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አሰልጣኞች «ለመጫወት» ሳይሆን «ላለመሸነፍ» ወደ ሜዳ የሚገቡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለቱ አጨዋወቶች

ጥንቃቄን መሠረት ያደረገ አጨዋወት፦ ቡድኑ አብዛኞቹን ተጫዋቾች ከኳስ ኋላ ያሰልፋል፤ በተከላካዮችና በአማካዮች መካከል ያለውን ክፍተት ያጠባል፤ ግብ የሚፈልገው ከመልሶ ማጥቃትና ከቆሙ ኳሶች (ከማዕዘን ምት፣ ከቅጣት ምት) ነው። የዚህ አጨዋወት ታሪካዊ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በስዊዘርላንዱ ሰርቬት ክለብ ኦስትሪያዊው ካርል ራፓን የተጠቀሙበት «መቀርቀሪያ» ተብሎ የሚጠራ አሰላለፍ ነው። ይኸው ሐሳብ በጣሊያን «ካቴናቾ» ተብሎ ተስፋፋ። ደጋፊዎች ከልክ ያለፈ መከላከልን «አውቶቡስ ማቆም» ይሉታል።

የአጨዋወቱ ጥቅም በተጫዋች ጥራት የሚያንስ ቡድን ጨዋታውን ዝቅተኛ ግብ እንዲቆጠርበት አድርጎ ዕድል እንዲያገኝ ማስቻሉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ አንድ ግብ ከተቆጠረበት የሚመለስበት መንገድ ማጣቱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መከላከልን የተለማመደ ቡድን በ70ኛው ደቂቃ በድንገት አጥቂ ሊሆን አይችልም።

ማጥቃትን መሠረት ያደረገ አጨዋወት፦ ቡድኑ የመስመር ተከላካዮቹን ወደ ፊት ያስጠጋል፤ ተጋጣሚውን በራሱ ሜዳ ይጫናል፤ ኳስ ሲነጠቅ ቶሎ ለማስመለስ ይሞክራል። ጥቅሙ የማሸነፍ ዕድሉ መጨመሩና ተጋጣሚም እንዲፈራ ማድረጉ ነው። ጉዳቱ ከተከላካዮች ጀርባ ሰፊ ክፍተት መተውና የግብ ልዩነትን ማበላሸት ነው።

የነጥብ ስሌት

ክርክሩን ከሁሉ በላይ የለወጠው የሦስት ነጥብ ደንብ ነው። ቀድሞ ማሸነፍ ሁለት፣ አቻ መውጣት አንድ ነጥብ ያስገኝ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ለአሸናፊ ሦስት ነጥብ መስጠት ጀመረች፤ የዓለም ዋንጫም እ.ኤ.አ. በ1994 ደንቡን ተቀበለ።

አንድ ቡድን በ80ኛው ደቂቃ አቻ ላይ እያለ ለማጥቃት ቢወስንና ጨዋታው በማሸነፍ ወይም በመሸነፍ ብቻ የሚያልቅ ቢሆን፣ በቀድሞው ደንብ ማጥቃቱ የሚያዋጣው የማሸነፍ ዕድሉ ከግማሽ በላይ ሲሆን ነበር። በአሁኑ ደንብ ግን ከሦስት አንድ በላይ ከሆነ ይበቃል።

ይሁንና ላለመውረድ የሚታገል ቡድን የሚፈልገው አማካይ ነጥብን ማብዛት ሳይሆን የተወሰነ ነጥብ ላይ መድረስ ነው። ልዩነቱን ለማሳየት የሚከተለውን የታሰበ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ቡድኑ ሲጠነቀቅ የማሸነፍ ዕድሉ 15፣ አቻ የመውጣት 50፣ የመሸነፍ 35 በመቶ ይሁን። ሲያጠቃ ደግሞ የማሸነፍ 30፣ አቻ የመውጣት 20፣ የመሸነፍ 50 በመቶ ይሁን። በአማካይ ጥንቃቄ በጨዋታ 0.95 ነጥብ፣ ማጥቃት 1.1 ነጥብ ያስገኛል።

• አንድ ጨዋታ ቀርቶ አንድ ነጥብ የሚበቃው ከሆነ፦ ጥንቃቄ 65 በመቶ፣ ማጥቃት 50 በመቶ የመዳን ዕድል ይሰጣል። አማካዩ ዝቅ ቢልም ጥንቃቄ ይሻላል።

• አንድ ጨዋታ ቀርቶ ሦስት ነጥብ የግድ ከሆነ፦ ጥንቃቄ 15፣ ማጥቃት 30 በመቶ ነው። እዚህ መከላከል ሽንፈትን ከማሳነስ በቀር አያድንም።

• ሁለት ጨዋታ ቀርቶ ሁለት ነጥብ የሚያስፈልግ ከሆነ፦ ጥንቃቄ 53፣ ማጥቃት 55 በመቶ ገደማ ይሰጣል። ልዩነቱ በጣም ጠባብ ስለሆነ ሁለቱም ወገኖች በቂ ምክንያት ይኖራቸዋል።

ስለዚህ ትክክለኛው አጨዋወት እንደ ቀሪው ጨዋታና እንደሚፈለገው ነጥብ ይለያያል። በሁለት ወራጅ ቀጠና ውስጥ ባሉ ቡድኖች መካከል የሚደረግ ጨዋታ «የስድስት ነጥብ ጨዋታ» የሚባለውም አሸናፊው ሦስት ሲያገኝ ተፎካካሪው ሦስቱን ስለሚያጣ ነው።

ከውጭ አገር የሚጠቀሱ ምሳሌዎች

ትሪየስቲና (ጣሊያን)፦ እ.ኤ.አ. በ1946–47 በሴሪኣ መጨረሻ ሆኖ ቢጨርስም በከተማዋ ልዩ የፖለቲካ ሁኔታ ምክንያት ከመውረድ ተረፈ። በቀጣዩ ዓመት ኔሬዮ ሮኮ ተረክበው መከላከልን መሠረት ባደረገ አጨዋወት ሁለተኛ ደረጃ ላይ አደረሱት።

ማንችስተር ሲቲ (እንግሊዝ)፦ እ.ኤ.አ. በ1937 ሻምፒዮን ሆኖ በቀጣዩ ዓመት ወረደ። በወረደበት ዓመት ያስቆጠረው 80 ግብ ከዲቪዚዮኑ ክለቦች ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ የተቆጠረበት ደግሞ 77 ነው።

ዌስት ብሮምዊች አልቢዮን (እንግሊዝ)፦ እ.ኤ.አ. በ2004–05 በገና መጨረሻ ላይ የነበረው ቡድን በ34 ነጥብ ተረፈ። ያሸነፈው 6 ጨዋታ ብቻ ሲሆን በ16ቱ አቻ ወጥቷል። በአንጻሩ ዌስት ሃም እ.ኤ.አ. በ2002–03 በ42 ነጥብ ወርዷል። «40 ነጥብ ያድናል» የሚለው አባባል ሕግ እንዳልሆነ ሁለቱ ያሳያሉ።

ብላክፑል (እንግሊዝ)፦ እ.ኤ.አ. በ2010–11 በአሰልጣኝ ኢያን ሆሎዌይ ሥር በግልጽ አጥቂ አጨዋወቱ ተወደደ። 55 ግብ አስቆጥሮ፣ 78 ተቆጥሮበት፣ በ39 ነጥብ ወረደ።

ሌስተር ሲቲ (እንግሊዝ)፦ እ.ኤ.አ. በ2014–15 ዘጠኝ ጨዋታ ሲቀር የመጨረሻ የነበረ ሲሆን ከዘጠኙ ሰባቱን አሸንፎ ዳነ። በቀጣዩ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ።

የገለልተኛ ሜዳ ተጽዕኖ

በብዙ ሊጎች ላለመውረድ የሚታገል ቡድን የተለመደ ዕቅድ «በሜዳ ማጥቃት፣ ከሜዳ ውጪ መከላከል» ነው። በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ግን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ጨዋታዎቹ በቀጥታ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ክለቦቹ በአንድ አስተናጋጅ ከተማ ተሰብስበው በተራ የሚጫወቱበት አሠራር መጣ። ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳና አዳማ ካስተናገዱት ከተሞች መካከል ናቸው። በዚህ አሠራር ከአስተናጋጁ ክለብ በስተቀር የራሱ ሜዳና የራሱ ሕዝብ ያለው የለም። በመሆኑም በሜዳው ደጋፊ ጫና ነጥብ የሚሰበስቡ የክልል ከተማ ክለቦች ዋና መሣሪያቸውን አጡ።

የአዲስ አበባ ደጋፊም ጨዋታው ከከተማው ውጪ ሲደረግ ቡድኑን ለማየት መንገድ መጀመር አለበት። ከተጠቀሱት ከተሞች ቅርቧ አዳማ ስትሆን፣ ወደዚያ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚነሳው በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ ከአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። መሄድ ያልቻለው ጨዋታውን በቴሌቪዥን ይከታተላል፤ የአጨዋወት ክርክሩም ከስታዲየም ወደ ማሳያ ቤቶች ተዛውሯል።

የደጋፊዎች ክርክር

በኢትዮጵያ «ውጤት ወይስ አጨዋወት» የሚለው ክርክር ከወራጅ ቀጠናም ውጪ ሰፊ ነው። በቅርብ ዓመታት ብዙ ያነጋገረው የኢትዮጵያ ቡና ጉዳይ ነው። የቀድሞው የክለቡ ተጫዋች አሰልጣኝ ካሳዬ አራጌ ከግብ ጠባቂው ጀምሮ ኳስን በአጭር ቅብብል የሚመሠርት አጨዋወት ተከሉ። ቡድኑ በ2013 ዓ.ም. ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ አቡበከር ናስር በ29 ግብ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ደጋፊዎቹ አጨዋወቱን የክለቡ መታወቂያ አድርገው ሲያዩት፣ ተቺዎች ደግሞ በራስ የግብ ክልል አቅራቢያ የሚፈጸም ስህተት ውድ ዋጋ እንደሚያስከፍል ይናገሩ ነበር።

ላለመውረድ በሚታገል ክለብ ይኸው ክርክር ይበልጥ ይመራል። የጥንቃቄ ደጋፊዎች የሚያነሱት «ደካማ ቡድን በሩን ክፍት አይተውም» የሚል ነው። የማጥቃት ደጋፊዎች ደግሞ አቻ እየለቀሙ መሄድ ሌሎች ሲያሸንፉ ቀስ ብሎ መውረድ እንደሆነ፣ ወርዶም ቢሆን የሚጫወት ቡድን ቶሎ እንደሚመለስ ይከራከራሉ። የንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን መፍረስ ግን ለሁለተኛው መከራከሪያ ፈተና ነው፤ ክለቡ ራሱ ካልቀጠለ የሚመለስ ቡድን አይኖርም።

በክሪኬት

ተመሳሳይ ክርክር በእንግሊዝ የክሪኬት ካውንቲ ሻምፒዮንሺፕ አለ። ውድድሩ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሁለት ዲቪዚዮን ተከፍሎ መውረድና መውጣት አለው። አንድ ጨዋታ እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ ጊዜው እስኪያልቅ ያልተሸነፈ ቡድንም አቻ መውጣት ይችላል። ስለዚህ የተዳከመ ቡድን መቺዎቹ ሩጫ ሳይፈልጉ ሰዓት እስኪያልቅ እንዲቆዩ ያደርጋል። ሆኖም ማሸነፍ 16 ነጥብ ስለሚያስገኝ፣ በመጀመሪያው የመምቻ ተራ ብዙ ሩጫ ያስቆጠረ ወይም ብዙ መቺ ያስወጣ ቡድንም ተጨማሪ ነጥብ ስለሚያገኝ፣ በጥንቃቄ ብቻ የሚጫወት ቡድን ሳይሸነፍም ወደ ታች ሊንሸራተት ይችላል።