የአቃቂው ማሰራጫና የማዳረስ ሒሳብ

በመስከረም 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር አሰሙ። ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነበር። የጣሊያን እጅ የተከለው ማሰራጫ የጣሊያንን ዛቻ ለዓለም ማሳወቂያ ሆነ፤ በራዲዮ ታሪካችን ውስጥ እንደዚህ የሚያኮራኝ ምዕራፍ ጥቂት ነው።

አጭር ሞገድ ውቅያኖስ ይሻገራል። አገሩን ራሱን ከዳር እስከ ዳር ማዳረስ ግን ሌላ ጣጣ አለው፦ ስንት ጣቢያ፣ የት የት ይተከል? ለዚህ ጥያቄ የሚሆነው ሒሳብ ከቼዝ ሰሌዳ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 ደ ዬኒሽ፣ የሰሌዳውን 64 ቤቶች በሙሉ ለመቆጣጠር ስንት ንግሥት ይበቃል ብሎ ጠየቀ፤ መልሱ 5 ነው። ፈረንሳዊው ክሎድ ቤርዥ በ1958፣ ኖርዌያዊው ኦይስተን ኦሬ በ1962 ጉዳዩን ነጥቦችንና የሚያገናኟቸውን መስመሮች ወደሚያጠናው ግራፍ ንድፈ ሐሳብ አስገቡት። በ1968 ደግሞ ሲ. ኤል. ሊው ነጥቦቹን ከተሞች አድርጎ፣ ሁሉንም የሚያዳርሱት የትኞቹ ማሰራጫዎች ናቸው አለ።

በድሮው የባቡር ሐዲድ እንሞክረው፦ አዲስ አበባ፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። አንድ ጣቢያ ራሱንና ቀጥሎ ያሉትን ጎረቤቶቹን ብቻ ይደርሳል እንበል። ከጫፍ እንጀምር። አዲስ አበባን የሚያዳርሳት ወይ ራሷ ወይ አቃቂ ነው። አቃቂ ከተመረጠ ዱከምም አብሮ ይገባል፤ ስለዚህ አቃቂን መምረጥ መቼም አያከስርም። ቀጥሎ ያልተዳረሰው ቢሾፍቱ ነው፤ ሞጆን ስንመርጥ አዳማም ያልቃል። ሁለት ጣቢያ በቃ። ኮኬይን፣ ጉድማንና ሄዴትኒየሚ በ1975 ያሳተሙት አልጎሪዝም ዞሮ የሚገጥም መስመር በሌለው መረብ ሁሉ ላይ በዚሁ መንገድ፣ ከጫፍ ወደ ውስጥ፣ በፍጥነት ይሠራል።

መስመሮቹ ዞረው ሲገጣጠሙ ግን ጫፍ የሚባል መነሻ ይጠፋል። ከ100 ከተሞች 10ሩን መምረጫው መንገድ ከ17 ትሪሊዮን በላይ ነው፤ ለሁሉም ዓይነት መረብ የሚሆን ፈጣን መፍትሔም እስከ ዛሬ አልተገኘም። አንዱ አማራጭ በየዙሩ ብዙ ያልተዳረሱ ከተሞችን የሚይዘውን ጣቢያ መውሰድ ነው። ይህ ዘዴ ከትክክለኛው መልስ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ጆንሰን በ1974፣ ሎቫስ በ1975 አስልተዋል።

እኔን ያስደነቀኝ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ዴቪድ ኧርዊን የጣቢያዎቹን ጉልበት ራሱን ምርጫ አደረገው፦ ሩቅ የሚደርስ ጣቢያ በደረሰበት ርቀት ልክ ይከፈልበት። በእኛ ሐዲድ ላይ ዱከም የሚተከል፣ ሦስት ከተማ ዘልቆ የሚደርስ አንድ ማሰራጫ ሁሉንም ያዳርሳል፤ ዋጋው ግን 3 ነው፣ የአቃቂና የሞጆ 2። ምርጫው ስለበዛ ችግሩ የሚከብድ ይመስላል። በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲዎቹ ፒናር ሄገርነስና ዳንኤል ሎክሽታኖቭ ግን በ2006 ተቃራኒውን አረጋገጡ፦ የየጣቢያዎቹ ክልሎች ሲጎራበቱ አንድ ሰንሰለት ወይም አንድ ቀለበት ብቻ የሚሠሩበት ምርጥ መልስ ሁልጊዜ ስላለ፣ በማንኛውም መረብ ላይ በተመጣጣኝ ጊዜ ይገኛል።

አቃቂን የመረጠ አልጎሪዝም አልነበረም። የኢትዮጵያ ራዲዮም ኋላ ላይ ጌጃ ዴራ፣ ሐረርና መቱ ላይ ማሰራጫ ነበረው፤ ሥራው ለብዙ ጣቢያ ተከፋፈለ። በኤፍ ኤም ዘመን ደግሞ ግራፉ ራሱ ይለወጣል፤ ሞገዱ ተራራ ስለማይዘል፣ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኘው መስመር የሚሰመረው በመካከላቸው መንገድ ስላለ ሳይሆን ከማማው ጫፍ ከተማው ስለሚታይ ነው።