ባለቀዳዳ ማነጣጠሪያና በዕድሜ የደከመ ዓይን

ክፍት ማነጣጠሪያ ያለው ጠመንጃ የተኳሹን ዓይን በአንድ ጊዜ ወደ ሦስት ቦታ ይጠራዋል። ለፊቱ የቀረበውን የኋላ ስንጥቅ፣ በአፈሙዙ ጫፍ የቆመውን የፊት ማነጣጠሪያና በሩቅ ያለውን ዒላማ አሰልፎ ማየት ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ዓይን በአንድ ቅጽበት አጥርቶ የሚያየው አንዱን ርቀት ብቻ ነው። ወጣት ተኳሽ ችግሩን የሚወጣው የዓይኑ ሌንስ ቅርጹን እየለወጠ ከቅርብ ወደ ሩቅ በፍጥነት ስለሚመላለስለት ነው።

ይህ የሌንስ ተግባር መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1801 በሙከራ አስረዳ። የሆላንዱ ሊቅ ፍራንስ ዶንደርስም በ1864 በታተመው መጽሐፉ ይኸው ችሎታ ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ እንደሚሄድ በዝርዝር አብራራ። አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ዓመት በኋላ ሌንሱ እየጠነከረ ሲሄድ ስንጥቁ ይደበዝዛል፤ ቀጥሎም የፊት ማነጣጠሪያው ጠርዙን ያጣል። እጁ ያልተንቀጠቀጠ፣ ልምዱም ያልጎደለ ሰው በዚህ ምክንያት ከተኩስ ሜዳ ሊሰናበት ይችላል። የንባብ መነጽርም ብቻውን አይበጀውም፤ ቅርቡን ሲያጠራለት ሩቁን ያደበዝዝበታልና።

መፍትሔው የተገኘው ለዓይን ኃይል በመጨመር ሳይሆን ሥራ በመቀነስ ነው። በስንጥቁ ፈንታ ትንሽ ቀዳዳ ወደ ዓይን ቀርባ ተተከለች። ተኳሹ በቀዳዳዋ ውስጥ አሻግሮ ያያል እንጂ ቀዳዳዋን አይመለከትም፤ ዓይን በተፈጥሮው የክቡን መካከል ይፈልጋልና። ከዚህም በላይ ጠባብ ቀዳዳ ከዳር የሚገባውን ጨረር ስለምትከለክል የፊት ማነጣጠሪያውና ዒላማው ተቀራራቢ ጥራት ኖሯቸው ይታያሉ።

በ1874 በኒውዮርክ አጠገብ በክሪድሙር ሜዳ የአሜሪካና የአየርላንድ ቡድኖች በ800፣ በ900 እና በ1000 ያርድ ርቀት ሲወዳደሩ፣ እንዲህ ያለው ማነጣጠሪያ የረጅም ርቀት ተኳሾች መሣሪያ ነበር። አሜሪካኖቹ 934 ለ931 አሸነፉ።

ነገር ግን ጠባብ ቀዳዳ ጥራትን የምትሰጠው ብርሃን ወስዳ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ብሌኑ ጠቦ፣ ሌንሱም ቢጫ ሆኖ ብርሃን አስቀድሞ ያነሰው ስለሆነ፣ በጧትና በማታ ጭላንጭል ይቸገራል። ዊልያም ላይማን በ1879 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ ቀዳዳው ሰፊ ጠርዙ ቀጭን የሆነው ማነጣጠሪያ ለአዳኞች የተስማማው ስለዚህ ነው። ጥቅሙም በአረጋውያን ብቻ አልተወሰነም፤ የአሜሪካ ጦር በ1936 የተቀበለው ኤም 1 ጋራንድ ጠመንጃ ባለቀዳዳ ነበር።

ለዓይን ባለሙያ ይህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገር ይዟል። አንደኛው፣ አረጋዊን ምን ያህል ያያሉ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ዓይናቸው በምን ርቀት ምን ሥራ እንደሚሠራም መጠየቅ ያሻል። ሁለተኛው፣ ቀዳዳ ብዥታን ይቀንሳል እንጂ የዓይን ሞራን አይገፍም፣ የታመመ ሬቲናንም አያድንም። ያነጣጠረበትን ነገር ለይቶ የማያውቅ ሰው በቀዳዳ ተመክቶ ሳይሆን ተመርምሮ ነው ወደ ሜዳ መመለስ ያለበት።