ዜና መዝገበ መጻሕፍት

የመጻሕፍት ዝርዝር ከካርድ ወደ ኮምፒውተር የተሻገረበትን ዜና እንጽፋለን። ነገሩ የሆነው በአሜሪካ ነውና ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር አኖርነው።

በ1901 በዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የካታሎግ ካርድ እያተመ ለሌሎች ይሸጥ ጀመር። በዚያ ዘመን አንባቢ መጽሐፍ ሲሻ መሳቢያ ይስብ፣ በፊደል ተራ የቆሙትን ካርዶች ያገላብጥ ነበር። አንዱ መጽሐፍ በደራሲው ስም፣ በርእሱ፣ በሚናገርበትም ነገር የየራሱን ካርድ ይፈልጋል። መጻሕፍቱ በበዙ ጊዜ ካርዱን በየቦታው የሚከት እጅ ደከመ።

በ1965 ወይዘሮ ሄንሪየት አቭራም ወደዚያ ቤት ገቡ። የኮምፒውተር አዋቂ ነበሩ እንጂ የቤተ መጻሕፍት ትምህርት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ አስቀድመው የመዝጋቢዎቹን ሙያ ተማሩ። ሰው ካርዱን ሲያይ ደራሲው የትኛው፣ ርእሱ የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል፤ ማሽን ግን ያልነገሩትን አያውቅም። ይህን አይተው የካርዱን ክፍል ሁሉ ለያይተው ቁጥር ሰጡት፤ ለደራሲው 100፣ ለርእሱ 245 ሆነ። ይህም ሥርዓት ማርክ ተባለ። በ1966 በ16 ቤተ መጻሕፍት ተፈተነ፤ በ1969 በማግኔት ክር ተቀርጾ ለሚፈልጉት ሁሉ ይላክ ጀመር፤ በ1971 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆነ።

በዚያው ዘመን በኦሃዮ ፍሬድሪክ ኪልጎር የሚባሉ ሰው ተነሡ። በ1967 የ54 ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት በአንድ ማኅበር ተባበሩ፤ እርሳቸውም መሪ ሆኑ። አሳባቸውም አንዱ የመዘገበውን መጽሐፍ ሌላው እንደገና እንዳይደክምበት ነበር። ኦገስት 26 ቀን 1971 በአቴንስ ከተማ ያለው የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በመስመር በተገናኘ ኮምፒውተር መመዝገብ ጀመረ፤ በዚያ ቀን 133 መጻሕፍት ተመዘገቡ። ማኅበሩ ለካርድ ወዳዶች ካርድ ማተሙን ግን አልተወም፤ 1.9 ቢሊዮን ያህል ካርድ ካተመ በኋላ ኦክቶበር 1 ቀን 2015 የመጨረሻውን አትሞ ዘመነ ካርድ አለፈ። ወይዘሮ አቭራም ይህን ሳያዩ በ2006 ዐርፈው ነበር።

በማርክ የፊደል ገበታ ግን የእኛ ፊደል አልነበረም። ስለዚህ የአማርኛና የግዕዝ መጻሕፍት በውጭው መዝገብ በላቲን ፊደል ተጻፉ፤ የአገሩ ሰው የሚያውቀውን መጽሐፍ በማያውቀው አጻጻፍ እንዲፈልግ ሆነ። በ1999 ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ ገባ፤ ማሽኑም ሀን ከሐና ከኀ ለይቶ የሚጽፍበት መንገድ ተከፈተለት።

አሁን የቀረው የሰው ሥራ ነው። መጽሐፍ የምትመዘግብ ሆይ፥ ርእሱን ደራሲው በጻፈበት ፊደል ጻፍለት፤ ማሽን ያልነገሩትን አያውቅምና።