ጥፋቱ የኮርቻው ነበር

በብስክሌት ረጅም መንገድ የሄደች ሴት በደንብ የምታውቀው፣ ግን ጮክ ብላ የማታወራው ነገር አለ፤ መላላጥ። ጭኗና መቀመጫዋ አካባቢ ቆዳው ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ሲብስም ይቆስላል። አንዳንዶቹ «የኔ ሰውነት ለብስክሌት አይሆንም» ብለው ይተዉታል። ታሪኩን ስናይ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሰውነት ሳይሆን የዕቃው ሆኖ እናገኘዋለን።

እስቲ መጀመሪያ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ፔዳሉን በደቂቃ 80 ጊዜ የምታዞር ልጅ በአንድ ሰዓት 4,800 ዙር ትሞላለች። በእያንዳንዱ ዙር ቆዳዋ ከልብሷና ከኮርቻው ጋር ይታሻል። ሰበቃ የሚጨምረው ጫናው ሲበዛና የሚነካኩት ነገሮች ሲያያዙ ነው። በላብ የራሰ ቆዳ ደግሞ ከደረቅ ቆዳ የበለጠ ይይዛል። ስለዚህ የሚቀነሱት ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ጫና፣ መታሸትና እርጥበት።

እ.ኤ.አ. በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ «ሮቨር» የተባለውን ባለ እኩል ጎማ ብስክሌት ሠራ። ይሄን ጊዜ ብዙ ሴቶች ብስክሌት መንዳት ጀመሩ፤ ግን ከነረጅም ቀሚሳቸው ነበር። በ1894 አኒ ለንደንደሪ ዓለምን ለመዞር ከቦስተን ስትነሳ ቀሚስ ለብሳ 19 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ብስክሌት ነበር። ቺካጎ ስትደርስ ብስክሌቱን በግማሹ በሚቀል፣ ቀሚሱን በሰፊ ሱሪ ቀየረች።

በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ «ክሪስቲ» የተባለ ኮርቻ ለገበያ ቀረበ። ማስታወቂያው የዳሌ አጥንት ሥዕል ነበረው፤ ክብደቱ ለስላሳው ሥጋ ላይ ሳይሆን ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ እንዲያርፍ ታስቦ እንደተሠራ ያሳያል። ሐሳቡ ዛሬም ትክክል ነው። የሴቶች የመቀመጫ አጥንቶች በአማካይ ከወንዶች ሰፋ ይላሉ፤ ጠባብ ኮርቻ ላይ ግን አጥንቶቹ ማረፊያ ያጣሉ።

ልብሱም ተሻሻለ። የድሮ ተወዳዳሪዎች ቁምጣቸው ውስጥ ለስላሳ ቆዳ ያሰፉ ነበር። ቆዳው ታጥቦ ሲደርቅ ስለሚገረጅፍ በቅባት ያለሰልሱታል። በ1958 ጆሴፍ ሺቨርስ የፈለሰፈው የሚለጠጥ ጨርቅ፣ ስፓንዴክስ፣ በኋላ ሳይሸበሸብ ገላ ላይ የሚጣበቅ ቁምጣ አስገኘ።

ውድድሩ ግን ለሴቶች ዘግይቶ ነው የተከፈተው። ወንዶች ኦሊምፒክ ላይ በጎዳና ብስክሌት የተወዳደሩት በ1896 ሲሆን ሴቶች በ1984 ነው። የውድድር ሕጉም ለረጅም ጊዜ ኮርቻው አግድም ይሁን ይል ነበር። ተወዳዳሪዋ ለፍጥነት ጎንበስ ስትል ዳሌዋ ወደፊት ይዞራል፤ ክብደቷም ከአጥንቱ ወደ ለስላሳው ሥጋ ይሄዳል። ከሪዮ 2016 በፊት የብሪታንያ ብስክሌት ማኅበር ሐኪሞችንና የሰበቃ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ጉዳዩን አስጠና። ዓለም አቀፉ ኅብረትም ኮርቻው እስከ 9 ዲግሪ እንዲያዘነብል ፈቀደ። ባለሙያዎቹ ሌላም ምክር ሰጡ፦ የብልት አካባቢ ፀጉር ቆዳን ስለሚከላከል አትላጩት።

ዛሬ አንዲት ልጅ ምን ታድርግ? ስፖንጅ ያለውን ቁምጣ ያለ ፓንት ትልበስ፤ የፓንት ስፌት ይፈትጋል። የሚታሸው ቦታ ላይ ቅባት ትቀባ። እንደጨረሰች እርጥቡን ቁምጣ ታውልቅ። ዳሌዋ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ኮርቻውን ዝቅ ታድርግ። ቁስሉ ካልዳነ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ደግሞም አትፈር፤ ሕጉ የተቀየረው ሴቶቹ ሕመማቸውን አፍ አውጥተው ስለተናገሩ ነው።