ስንጥቅና ግርማ፦ በጅቡቲ እሳተ ገሞራዊ ገደሎች ላይ የቀረበ ሐሳብ

በጅቡቲ ከተማ ማዕከላዊ ገበያ፣ በሐሙዲ መስጊድ አካባቢ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ አትክልትና ፍራፍሬ ይሸጣል። ሻጩም ገዢውም የሚጠጡት ውሃ ግን ጉልህ ክፍሉ የእሳተ ገሞራ ዓለት ስጦታ ነው። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያሉት የማብላና የጎዳ ተራሮች በግርማቸው ይወደሳሉ፤ መንገድ ሲቆረጥባቸው ደግሞ ዓለታቸው ተሰባሪ ነው ተብሎ ይነቀፋል። በእኔ እምነት ውዳሴውም ነቀፋውም የሚያርፉት በአንድ ነገር ላይ ነው፦ በስንጥቁ።

ባዛልት የተባለው እሳተ ገሞራዊ ዓለት ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ግሎ ይፈሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። የጠጠረ ዓለት ሳይሰበር ሊለጠጥ ስለማይችል ከገጹ ወደ ውስጥ እየተሰነጠቀ ይሄዳል፤ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎን ዓምዶች የሚፈጠሩት በዚህ መንገድ ነው። በላቫ ንጣፎች መካከል የተቀበረው አመድና ቀይ አፈር ቀድሞ ይሸረሸራል፤ ያን ጊዜ ከላይ ያለው ዓምድ መቆሚያ አጥቶ በስንጥቁ ልክ ይገነጠላል። ገደሉ ቀጥ ብሎ የሚቀረው ስለሚናድ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የኢትዮጵያ የስሜን ተራሮች ባዛልትም ይህንኑ ሕግ ይከተላል፤ ልዩነቱ እዚያ ዋናዎቹ ሸርሻሪዎች ዝናብና ወንዝ መሆናቸው ነው።

በጅቡቲ ግን ምድሩ ራሱ ገና እየተቀደደ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1978 የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ለአንድ ሳምንት ያህል ላቫ ሲተፋ የአሳል ስምጥ ወደ 2 ሜትር ገደማ ሰፋ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኘውን የአሳል ሐይቅ የከበቡት እርከኖች የዚህ መቀደድ ውጤቶች ናቸው። የማብላ ተራሮች ሪዮላይት የተባለው እሳተ ገሞራዊ ዓለት ደግሞ በሲሊካ የበለጸገ በመሆኑ ሲሰበር ጠርዙ እንደ ብርጭቆ ይሳላል።

ዋናው ቁም ነገር ከከተማው ሥር ነው። የከተማው ጉድጓዶች ውሃ የሚያገኙት ከተሰነጠቀ ባዛልት ነው፤ ስንጥቅ የሌለው ባዛልት ውሃ ለማጠራቀም እጅግም አይመችም። ውሃው ከመጠን በላይ ሲቀዳ ግን ያው ስንጥቅ የባሕር ጨውን ያስገባል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ የሶማሌ ክልል በቧንቧ የሚመጣው ውሃ ጫናውን ቢያቃልልም የጉድጓዶቹን ቦታ አይተካም። ስለዚህ የዓለቱን ስብራት እንደ ጉድለት ብቻ የሚያዩ መሐንዲሶች ሊያስቡበት ይገባል፦ ጎርፉ ወደ ባዛልቱ የሚሰርግበት የአምቡሊ ወንዝ ሸለቆ ከግንባታና ከቆሻሻ ይጠበቅ።