የወባ ነገር በጣና ዙሪያ



እንደምታውቁት ዕድር የሚጠራው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ድንኳን መትከል፣ ንፍሮ መቀቀል፣ ለቀስተኛ ማስተናገድ ሥራችን ነው። ዳሩ ግን ሰዉ በምን እንደሚሞትብን መጠየቅም ነውር አይደለም። ስለዚህ ዘንድሮ የጣና ዳርን ሕዝብ ብዙ ዘመን ስለ ፈጀው ስለ ወባ፣ የመንግሥትም መመሪያ በተለወጠ ቁጥር ምን እንደ ተከተለ ባጭሩ እንጽፋለን።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አገሩ ወይና ደጋ ነው። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። የቆላ ሰው ወባን ደጋግሞ ስለሚታመም ሰውነቱ ጥቂት ይለምደዋል። እኛ ዘንድ ግን አንዳንድ ዓመት ያርፍና ሲመጣ ሽማግሌ ከሕፃን ሳይለይ ይጥላል። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በፎገራና በደምቢያ ሜዳ ላይ ሲተኛ ትንኟ ትራባለች። ጊዜው ደግሞ የአዝመራ ነው፤ አጫጁ ይተኛና እህሉ ማሳ ላይ ይቀራል።

በ1945 ዓ.ም. ገደማ ከጣና በስተሰሜን በደምቢያ ወባ ገብቶ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። ያን ጊዜ ለባላገሩ ሐኪም ማለት ሩቅ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት አንዱ ምክንያት ይኸው እልቂት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና አሜሪካኖችም ረዱ። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ሆስፒታል ተቀምጠው በሽተኛ የሚጠብቁ ሳይሆኑ ገጠር ወርደው የሚሠሩ ነበሩ።

ይሁንና በ1950 ዓ.ም. ክረምት የተነሣው ወረርሽኝ እስከ 1951 ታኅሣሥ ድረስ ደጋና ወይና ደጋውን አዳረሰ። 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 እንደ ሞተ ይገመታል። በዚያው በ1951 ዓ.ም. ሕዝቡ «ወባ ማጥፊያ» እያለ የጠራው ድርጅት ቆመ። ረጪዎቹ ፓምፓቸውን አዝለው ቤት ለቤት እየገቡ ግድግዳውን ዲዲቲ ይረጩ ነበር። አንዳንዱ ባላገር ደግሞ በዓል ሲደርስ ግድግዳውን በእበት መልሶ ሲለቀልቀው መድኃኒቱ ከሥር ይቀር ነበር። ቢሆንም በሽታው ጋብ አለ።

በ1961 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ወባን በየአገሩ ባንድ ጊዜ ማጥፋት እንደማይቻል ተቀበለ። በ1968 ዓ.ም. የኛም አገር ድርጅት ሥራው ከ«ማጥፋት» ወደ «መቆጣጠር» ተለወጠ። እኛ በጽሕፈት ሥራ የኖርን ሰዎች እንደምናውቀው የአንድ ቃል መለወጥ ትንሽ ነገር አይደለም። ቃሉ ሲለወጥ በጀቱም፣ መኪናውም፣ የሰው ኃይሉም አብሮ ይለወጣል።

በ1985 ዓ.ም. ሥልጣን ለክልሎች ሲሰጥ ራሱን ችሎ የቆመው ድርጅት ፈርሶ ሥራው በየክልሉ ጤና ቢሮ ሥር ገባ። ውሳኔው ለሕዝቡ መቅረቡ ደግ ነው። ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ወባን ብቻ ሲከታተሉ የኖሩት ሠራተኞች ተበተኑ። እነ ክሎሮኪን፣ ኋላም ፋንሲዳር ኃይላቸው እየደከመ ሄደ። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ትልቅ ወረርሽኝ ተነሣ።

መንግሥት እንደገና ተነሣሣ። ኳርተም የሚባለው መድኃኒት በነፃ ይታደል ጀመር። በየቀበሌው 2 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 20 ሚሊዮን ያህል አጎበር በአገሪቱ ታደለ። ውጤቱም ታየ፤ በ2011 ዓ.ም. ገደማ በመላ አገሪቱ የተመዘገበው ሕመምተኛ ከ1 ሚሊዮን በታች ወረደ። «ማጥፋት» የሚለው ቃልም ወደ መንግሥት ዕቅድ ተመልሶ ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? ከታኅሣሥ 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ባሉት 10 ወራት፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕመምተኛ ተመዝግቦ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። በክልላችን የተነሣው ጦርነት መንገድ ዘግቶ መድኃኒቱም ባለሙያውም እንደ ልብ እንዳይደርስ አድርጓል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ወባ የሚመለሰው «አለቀለት» ተብሎ እጅ ሲላላ ነው። መመሪያ ቢወጣ ቢሻር፣ የኛ ጥያቄ በመስከረም በራችንን የሚያንኳኳው ማነው የሚል መሆን አለበት።

እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። የዕድራችን ጥሩምባ ለቀብር ብቻ ይነፋ ያለ የለም። ክረምቱ ሲወጣ ያቆረ ውሃ ለማፋሰስ፣ አጎበር ያላገኘውንም ቤት መዝግቦ ለቀበሌው ለማመልከት ይነፋ። ትኩሳት የያዘውም ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ እንዲደርስ ጎረቤት ይርዳው። ቃሬዛ የምንሸከም ሰዎች ነን፤ በሽተኛ ለመሸከምም ትከሻችን አያንስም። ይህ ሐሳብ ለሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ እንዲቀርብ ዳኛውንና አባላቱን በአክብሮት እናሳስባለን።