ቅዳሴ ከወጣ በኋላ

ስሙኝማ፣ ወገኖቼ። የደሴን መንገድ ይዛችሁ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ መንገዱ ይከፈላል። ቁልቁል የወረደ ደብረ ሲና ይገባል። ወደ ግራ የታጠፈ ሞላሌን፣ መሐል ሜዳን አልፎ ግሼ ራቤል ይደርሳል። ብርዱ ባና የሚያስደርብ፣ ከእህል ገብስ፣ ከከብት በግ የሚስማማው አገር ነው። ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ ብለው የሚጠሩት መንዝ ይኼ ነው።

እንዲህ ባለ አገር ብቻውን የሚኖር የለም። አብሮ ለመኖር ደግሞ መገናኛ ያስፈልጋል፤ መገናኛው ደጀ ሰላሙ ነው። ቅዳሴ ወጥቶ ካህኑ ሕዝቡን ካሰናበቱ በኋላ ማንም ቶሎ አይሄድም። በሬ የጠፋበት ይናገራል፣ ደቦ የሚጠራ ይጠራል፣ ማን እንደ ታመመ፣ የማን ቤት ቃሬዛ እንደሚያስፈልገው የሚሰማው እዚያ ነው። የመንግሥት አዋጅ ስንቱ መጥቶ ስንቱ ሄዷል፤ በደጀ ሰላም የተነገረ ነገር ግን ቤት ድረስ ይገባል። የማወጋችሁ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

መጀመሪያ ጓሳን ላንሣ። መንዝ ጌራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር በላይ የተዘረጋ፣ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን የሣር አገር ነው። ስሙን የሰጠው ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ፍራሽ ይሞላበታል። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም የሚኖሩት እዚያው ነው። ይህንን ሣር ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆታል። መሬቱን ያቀኑት አባቶች ልጆች በአጽመ ርስታቸው ባለ መብት ነበሩ። አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ሣሩ ለ3 ዓመት፣ ሲያስፈልግም ለ5 ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ማንም ማጭድ አያስነካውም፣ ከብትም አያስገባም ነበር። ጥበቃው በደብር ተከፍሎ የታቦቱ ጥላ ያረፈበት ነበርና፣ ሣሩን የሰረቀ ጎረቤቱን ብቻ ሳይሆን ደብሩንም ነው የደፈረው። በስርቆት ጓሳ የተከደነ ቤት ክዳኑ ይቃጠልበት ነበር ይባላል። የሚከፈትበት ቀን ሲቆረጥ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በለቅሶ ቤት ይነገር ነበር፤ ያን ጊዜ ድሃውም ሀብታሙም እኩል ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስቱ ቀረ፣ ከርስቱም ጋር ቄሮው ፈረሰ። መሬት ለአራሹ መሆኑን አልነቅፍም፤ ጭሰኛ ለነበረው ነጻነት ነበር። ጓሳ ግን ጠባቂ አጣ። ሣሩ ያለ ጊዜው ታጨደ፣ ታረሰም። ታዲያ ሕዝቡ ምን አደረገ? ከላይ ትእዛዝ ሳይጠብቅ፣ ለቅሶ የሚደርስበትን እድር አንሥቶ የሣሩ ጠባቂ አደረገው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ እንግዳ የሚያድርበት ሎጅም የማኅበረሰቡ ነው። ሌላ አገር ፕሮጀክት ተብሎ በብዙ ገንዘብ የሚሞከረውን የመንዝ ገበሬ ያለ ፕሮጀክት ሦስት መቶ ዓመት ኖሮበታል።

ሣሩን የጠበቀው ደጀ ሰላም ሰውንም ይጠብቃልና፣ አሁን ወደ ጤናው ልሻገር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽኗን ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ የወሎ ረኀብ ሊገለጥ ሲል ማለት ነው። በማግሥቱ ዓመት አብያተ ክርስቲያናት ተሰባስበው የክርስቲያን በጎ አድራጎትና ልማት ድርጅቶች ኅብረትን መሠረቱ። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ እህል በማድረስ ከተሰለፉት መካከል እነዚህ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ለሥጋም መቆሟ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት የሕክምና ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ፣ ጤና ከሆስፒታል በፊት ከመንደር ይጀምራል እያለ ሲወተውት ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም መንግሥታት አልማ አታ ላይ ያወጁት የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅ ከዚያም ቀድቷል።

ወደ መርሐቤቴ እንሻገር። በጀማ ገደል ማዶ ያለ አገር ነው፤ ምጥ የያዛትን ሴት በዚያ ገደል ማሻገር ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቃል። ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርል ሃይንዝ በም የመሠረተው ሰዎች ለሰዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ እዚያ ሠርቷል፤ ዓለም ከተማ ላይ ያለው እናት ሆስፒታል የእሱ ሥራ ነው። ድርጅቱ የቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ግን ያችን ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታሉ ደጅ ያደረሳት ማን ነው? ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በገመድ ጠፍሮ፣ ጋቢ አንጥፎ፣ አራት አራት ሆኖ እየተቀባበለ የተሸከማት ጎረቤት ነው። ያን ጎረቤት በሌሊት የሚቀሰቅሰው እድሩ ነው፤ እድርተኛው ደግሞ እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ የምታገኙት ያው ሰው ነው።

ስለ ዓይን ማዝ ሳልናገር አላልፍም፤ ሐኪሞቹ ትራኮማ ይሉታል። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ይህ በሽታ ክፉኛ ከጎዳቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከማተባቸው ጋር ወረንጦ አንገታቸው ላይ ያሰሩ እናቶች አሉ። ቆባቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌናቸውን ይወጋዋል። እሳት ዳር ተቀምጠው በዳበሳ ይነቅሉታል፤ ነገር ግን አጥሮ፣ ጠንክሮ መልሶ ይበቅላል። ይህ ሁሉ ሥቃይ በአጭር ቀዶ ጥገና ይቀላል፣ ሳይጀምርም በኪኒን፣ ፊትን በመታጠብና በመጸዳጃ ቤት መከላከል ይቻላል። ኪኒኑ በየመንደሩ ሲታደል ያመነታ ብዙ ነበር፤ ቄሱ ቀድመው ሲውጡ ግን ሕዝቡ ይከተላል። ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ሂድና ታጠብ እንደ ተባለ በወንጌል ሲሰማ የኖረ ምእመን፣ ያንኑ ቃል የልጅን ፊት በየጠዋቱ ከማጠብ ጋር አገናኝቶ የሚያስተምረው ካህን ቢያገኝ እንዴት ይሰማ ነበር!

የካህን ቃል እንደሚያድን ሁሉ ይጎዳልም። ጠበል የገባ ሕመምተኛ መድኃኒቱን አቁም ሲባል የጠፋ ሕይወት አለ፤ ይህን መሸፈን ኃጢአት ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ ሲናገሩ፣ ብዙ ሐኪም ሊያደርገው የማይችለውን አደረጉ። እርጉዝ ሴትም እንዲሁ ናት፤ ዶክተሩ ብይ ቢላት ጾሙን አትፈታም፣ የንስሐ አባቷ ፈቅጄልሻለሁ ሲሏት ግን ትበላለች።

እንግዲህ አንድ ነገር ለካህናቱ ልናገር። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል። የመጀመሪያው የፔንታ ክትባት የሚሰጠው በ6 ሳምንቱ፣ በ42ኛው ቀን ነው። በመካከል ያሉት ሁለት ቀናት ብቻ ናቸው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትመጣ ደግሞ የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም ጨርሳ መሆን አለባት፤ ካርዷን ማየት ነው። የቤቱን ሰው ሁሉ በስሙ የሚያውቁት የንስሐ አባት፣ ሕፃኑ ተጠምቆ፣ ማተቡ ታስሮለት እናቱ ስትታቀፈው፣ ጠጋ ብለው እንዲህ ይበሏት፦ «ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከነገ ወዲያ ጤና ኬላ ይዘሽው ሂጂ።»